የቤንዚን መኪናችሁን ከመሸጣችሁ በፊት፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የተደረገ ንግግር

(በማኅበራችን አዳራሽ ለአባሎች የተነበበ፤ በስብሰባው ላይ ላልተገኙት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)



 ይህ ንግግር በአፋን ኦሮሞም ተጽፎ ከዚሁ ጎን ይለጠፋል። ስለዚህ በኋላ «አልሰማንም» የሚል እንዳይኖር።

ዛሬ የጠራናችሁ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በሰፈራችን «የቤንዚን መኪና ከመንገድ ሊታገድ ነው» የሚል ወሬ ገብቷል። ወሬውን ተከትሎ ደላላ ቤት ለቤት እየዞረ ነው። ከአባሎቻችን መካከል የልጆቻቸውን እንጀራ የሚያወጡበትን መኪና በርካሽ ሊሰጡ ቀብድ እስከ መቀበል የደረሱ አሉ። ሁለተኛው፣ ለበሽተኛና ለሐዘን የምንገለገልበት የማኅበሩ ፒክአፕ አርጅቷልና ተሸጦ፣ ከመጠባበቂያው ገንዘብ ተጨምሮበት፣ የኤሌክትሪክ መኪና ይገዛ የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ቀርቦልናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ ለመስጠት ግን ሒሳቡን ቁጭ ብለን መሥራት ነበረብን። ሠርተነዋል፤ እነሆ።

በመጀመሪያ ወሬውን እናጥራ። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ያስታወቀው፣ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ነው። ይህ ውሳኔ ማስገባትን ይመለከታል። ቀድሞ የገባውን፣ ሰሌዳ ያወጣውን፣ ዓመታዊ ምርመራውን ያለፈውን መኪና ከመንገድ አያወጣም። እንዲያውም አዲስ የቤንዚን መኪና እንደ ልብ ካልገባ ያለው ዋጋውን ይይዛል እንጂ ለምን ይረክሳል? ደላላው ይህን ያውቃል። አውቆም ነው በጠዋት በራችንን የሚያንኳኳው። ቀብድ የተቀበላችሁ ካላችሁ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤታችን ብቅ በሉ።

ይህን ስንል የኤሌክትሪክ መኪናን ለመቃወም አይደለም። አገሪቱ ወደዚያ የምትሄድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ይመጣል። መብራቱ ግን ከወንዞቻችን ነው። ሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም እንዳለው ተነግሯል። ከእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራው የፊንጫ ኃይል በጌዶ በኩል አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። በራሳችን ላይ የሚያልፈው ከፍተኛ መስመርና በጓዳችን ያለው ሶኬት ግን አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንሂድ።

በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው መነሣት ሲጀምር ቤንዚን በአዲስ አበባ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። እኛ ጋ ደግሞ የማጓጓዣው ይታከልበታል፤ ማደያ ላይ ጠፍቶ በሃይላንድ ላስቲክ ከመንገድ ዳር ሲገዛማ ዋጋውን ሻጩ ነው የሚወስነው። ለሒሳባችን ግን ያንኑ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ወስደናል። ቤንዚኑን ዝቅ አድርገን፣ መብራቱን ከፍ አድርገን ብናሰላ ማንም «ለኤሌክትሪኩ አዳላችሁ» አይለንም።

መብራቱ የሚሸጠው በኪሎዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪያችሁ ላይ አንድ ቁጥር ሲጨምር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀማችሁ ማለት ነው። የቤት ታሪፍ ደረጃ አለው፤ ብዙ የተጠቀመ ለአንዱ ቁጥር የሚከፍለው ይበዛል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ታሪፍ በወር እስከ 50 ድረስ የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ የሚሄደው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ተወስኗል። ስለዚህ የዛሬውን ከደረሰኛችሁ ላይ አንብቡ። እኛ ለጥንቃቄ ብለን 6 ብር አድርገን አስበናል።

እንግዲህ አንድ የቤት መኪና በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ከአምቦ አዲስ አበባ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ነው። 11 ሊትር ተኩል ይበላል፤ 1,167 ብር። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት የሚባክነውን ጨምረን ለዚያው መንገድ 20 ብንል 120 ብር ይሆናል። አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ታሪፉ እጥፍ ቢሆን እንኳ 240 ብር ነው።

በዚህ ላይ የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ የነዳጅ ፊልትሮ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። ፍሬኑም ቶሎ አያልቅም፤ ምክንያቱም መኪናው እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ ራሱን እየያዘ ያን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። ጎማ ግን ይበላል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ከቤንዚኑ ይበልጥ እንኳ ይበላል። የመሪ ሥር ዕቃውና ባሌስትራው መንገዳችንን ያውቁታል፤ እነሱ በኤሌክትሪክ ሆነ በቤንዚን አይድኑም።

ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይለናል። ቆይ። ትርፉ ያለው በኪሎ ሜትሩ ውስጥ ነው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በቤንዚን 507 ብር፣ በኤሌክትሪክ 54 ብር ያወጣል። በ25 የሥራ ቀን 11,325 ብር በወር ያተርፋል። ከቤቱ እስከ ቢሮው፣ ከቢሮው እስከ ገበያ ደርሶ በቀን 8 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን በወር የሚያተርፈው 1,800 ብር ብቻ ነው። ይህ ሁለተኛው ሰው ያለውን መኪና አራግፎ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ቢጨምር ልዩነቱን መቼ ይመልሳል? ልጆቹ ይመልሱት ይሆናል።

የመኪናውን ዋጋ ያልጻፍንበት ምክንያት አለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የተጠራው ዋጋ ለከርሞ አያገለግልም። ቀረጡም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉው 15 በመቶ ተብሎ ነበር። ቀረጥ የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ ዋጋ ማቅረቢያ ስትቀበሉ የዕለቱን ጠይቁ። በብድር ለመግዛት ያሰባችሁም ወለዱን ከወር ትርፋችሁ ላይ ቀንሱት። ትርፋችሁን ወለዱ ከበላው መኪናው የባንክ ነው፤ እናንተ ሹፌሩ ናችሁ።

አሁን ወደ ሶኬቱ እንምጣ። የእኛ ሰፈር ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የአምቦ ሰው ፈረስ ያውቃል። ባለ ጋሪ ፈረሱን ሌሊት ካላበላ ጠዋት ከበረት አያስወጣውም። ይህም መኪና እንደዚያው ነው፤ የሚበላው ሌሊት፣ በራሱ በረት ነው። በራሱ ግቢ መኪናውን የሚያቆምበትና ሶኬት የሚያደርስበት የሌለው ሰው ቢገዛ በየቀኑ ቻርጅ ፍለጋ ሊዞር ነው። ከመንገድ ዳር የሚያሳድር፣ ወይም የሰው ጥበቃ ግቢ ውስጥ የሚያሳድር ሰው በቅድሚያ ይህን ይፍታ።

በተራ ሶኬት 10 አምፔር ብንወስድ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገባል። በአሥር ሰዓት ሌሊት ውስጥ ሃያ ገደማ ይሞላል፤ ይህም በሜዳ ላይ ለ130 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ለአብዛኞቻችን ከበቂ በላይ ነው። ይህ ጭነት ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ልዩነቱ ምጣዱ በሁለት ሰዓት ሥራው ያልቃል፤ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ቀጭን ሽቦና የላላ ሶኬት ሁለት ሰዓት ይችላሉ፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ይግላሉ፣ ይቀልጣሉ፣ እሳት ያስነሣሉ። ስለዚህ በኤክስቴንሽን ወይም በዲቫይደር መኪና ቻርጅ ማድረግ በሰፈራችን ፈጽሞ እንዳይለመድ እናሳስባለን። ቤቶቻችን የተጠጋጉ ናቸው፤ የአንዱ እሳት የሁላችን ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውና በ7 ኪሎዋት የሚሞላው መሣሪያ 32 አምፔር ይፈልጋል። ለእርሱ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመር፣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ የኧርዝ መስመር ያስፈልጋል። ቆጣሪያችሁ ይህን የሚሸከም መሆኑን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሳያይ አትግዙት። እሱ እየሠራ እንጀራ ልጋግር ማለትም አይቻልም። ማን ለማን ተራ ይስጥ የሚለውን ለየቤቱ ትተነዋል።

ከዚህ የሚብሰው የጋራ ቆጣሪ ነው። በብዙ ግቢዎቻችን አንድ ቆጣሪ አራትና አምስት ተከራይ ያገለግላል። ሒሳቡ ሲመጣ በአምፖል ቁጥር ወይም በነፍስ ወከፍ ይከፋፈላል። እስቲ አንዱ መኪና ገዝቶ በሌሊት ሃያ ኪሎዋት ሰዓት ይሙላ፤ በ25 ቀን 500 ሆነ። ግቢው በሙሉ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ወጣ ማለት ነው። አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ብቻ ያላት ጡረተኛ እናት የመኪናውን ነዳጅ ልትከፍል ነው! ይህ ጠብ የሚያመጣ ነገር ነው፤ ጠቡ ደግሞ ወደ ማኅበራችን ሽማግሌዎች መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ማንኛውም የግቢ ባለቤትም ሆነ ተከራይ መኪና ከማስገባቱ በፊት የራሱን ቆጣሪ ያስገባ። እስኪገባለት ድረስ ከቆጣሪው በኋላ ትንሽ መለኪያ አስገጥሞ፣ የመኪናውን በከፍተኛው ታሪፍ አስልቶ ለብቻው ይክፈል። ኮሚቴው ይህን የሰፈር ደንብ አድርገን እንድንቀበለው ያቀርባል።

መብራት ሲጠፋስ? ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መብራት ይጠፋል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ባትሪ ያለው መኪና ከአንድ ሌሊት መጥፋት ይተርፋል፤ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ሦስት ቀንም ይቆያል። ሁልጊዜ ግማሽ ሳይደርስ የመሙላት ልማድ ያስፈልገዋል እንጂ። መብራቱ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ እንደ መጣ ወዲያው ከመሰካት ትንሽ መታገሥ ይሻላል። ሶኬቱ ከጣራ በታች ይሁን። «ጄኔሬተር አለኝ» የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር የሚያወጣው ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሃያውን ለመሙላት እስከ አሥር ሊትር ሊቃጠል ነው። ከዚያ ያንኑ ቤንዚን በቀጥታ መኪና ውስጥ መጨመር ምን ነበረበት?

አሁን መንገዱን እንመልከት። በከተማችን ውስጥ፣ ከአምቦ ጉደር 12 ኪሎ ሜትር፣ ወይም እስከ ጊንጪ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ምንም አሳሳቢ ነገር የለም። ነገር የሚመጣው አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ሲባል ነው። ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚጠይቀን ትንሿን ቢዋይዲ ሲገል እንውሰድ። ባለ 30 እና ባለ 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ባትሪ አላት። ለትልቁ ባትሪ በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል። ይህ ቁጥር የተለካው በዝግታ፣ በምቹ ሁኔታ ነው። በእኛ ዳገት፣ በእኛ ጭነት ሁለት ሦስተኛውን ቁጠሩ፤ 260 ወይም 270። ከዚያ ላይ ባዶ እስኪሆን አይነዳምና መጠባበቂያ ተውለት፤ 200 ቀረ። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 230 ነው። አልደረሰም ማለት ነው። ባለ 30ውማ ይቅር።

ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው እዚያ ሲደርስ መሙላት ግድ ይለዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በየካቲት 2017 ዓ.ም. ፈጣን መሙያ ጣቢያ ከፍቷል፤ የግሎችም አሉ። ነገር ግን ያ የቴሌው ጣቢያ በቦሌና መገናኛ መካከል ባለው መንገድ ነው፤ እኛ የምንገባው በአስኮ ነው። ከተማውን አቋርጦ ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ሞልቶ መመለስ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ሚኒባስ ይህን ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ለእርሱ ጊዜው ገና ነው የምንለው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ የሚያድር፣ ባደረበት ዘመድ ግቢ የሚሞላ ግን ይችላል።

ወደ ምዕራብ ለሚሄዱ አባሎች አንድ ነገር እናስታውስ። ከአምቦ ባኮ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጉደር ጌዶ ዳገት ነው፤ ከጌዶ ወዲያ ወደ ባኮ ቆላ ይወረዳል። መኪናው ሲወርድ ባትሪውን ስለሚሞላ ባኮ የደረሰ ሰው «ግማሹ አለኝ፣ በግማሽ መጣሁ፣ በግማሽ እመለሳለሁ» ሊል ይችላል። ሲመለስ ግን ያ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቀዋል። ለማወቅ ያህል፣ አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ለመንገዱ ከሚበላው ሌላ ለከፍታው ብቻ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ወደ ወንጪ ሰው የሚያመላልሱም ይህንኑ ያስቡ፤ ለእነሱ ግን ጥሩነቱ ዳገቱ ሲሄዱ ነው፣ ሲመለሱ ይወርዳሉ።

ለመግዛት የቆረጣችሁ ካላችሁ ሦስት ነገር ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። የመሙያው መሰኪያ የቻይናው ጂቢቲ ነው ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2? መሙያ ጣቢያው ጋ ሄዳችሁ የማይገጥም ከሆነ ምን ሊረባ ነው። አገልግሎት ላይ የዋለ ከሆነ የባትሪው ጤና በመቶ ስንት እንደሆነ በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት ይሰጣችሁ፤ በቃል አይሆንም። ሦስተኛው ዋስትናው ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በነጋዴ እጅ ሲመጣ የፋብሪካው ዋስትና እዚህ ላያገለግል ይችላል፤ ጽሑፉም በቻይንኛ ሆኖ ቁልፉን በግምት የምትጫኑት ሊሆን ነው። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ የት ይጠግነዋል የሚለውን በጽሑፍ ያዙ። የከተማችን መካኒኮች ካርቡራተርና ካምቢዮ ፈትተው መግጠም የሚያህላቸው የለም። የከፍተኛ ቮልት ባትሪ ግን ያልሠለጠነ ሰው ከነካው ይገድላል። መካኒክ የሆናችሁ አባሎቻችን ይህን ሥልጠና እንድታገኙ ኮሚቴው ከሙያ ትምህርት ቤቶች ጋር ሊነጋገር አስቧል። ነገ እንጀራው ያለው እዚያ ነው።

ስለ ባጃጅ ሳንናገር አናልፍም፤ ከማኅበራችን ወጣቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት በእርሱ ነው። በእኛ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ መለወጥ የሚያዋጣው እዚህ ነው። ባጃጅ ከከተማ አይርቅም፣ ማታ ግቢ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በቤንዚን 4 ሊትር፣ 400 ብር ያህል ይበላል፤ ያውም ለመቅዳት የሚሰለፍበት ሰዓት ሳይቆጠር። በኤሌክትሪክ ግን ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ 54 ብር ነው። ጥንቃቄው ባትሪው ላይ ነው። በርካሽ የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ባትሪ ያላቸው ናቸው፤ እሱ በየቀኑ ተሟጦ ሲሞላ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ቢያገለግል ነው። ዓመት ከምናምን መሆኑ ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል። ዋጋው ይወደዳል፤ ግን ባትሪ ለመቀየር እንደገና ዕቁብ ከመግባት ይሻላል።

በመጨረሻ ወደ ማኅበሩ ፒክአፕ እንመጣለን። «ሁልጊዜ ቆሞ የሚውል መኪና ነው፣ ሁልጊዜ ሞልቶ ይገኛል፣ ለምን አይለወጥም?» ያላችሁ አባሎች ትክክል ተናግራችኋል። አንድ ወላድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ተላከች ቢባል፣ የሞላ የኤሌክትሪክ መኪና ያደርሳታል። ጥርጥር የለውም። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው በማግሥቱ ባዶውን ተመልሶ ሌላ ሰው ቢታመም፣ በዚያው ቀን መብራት ባይኖርስ? ናፍጣ በጀሪካን ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህ አንዱ ነው።

ሌላውና ዋነኛው ሒሳቡ ነው። በመዝገባችን እንደሚታየው ፒክአፑ በወር 250 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አብዛኛው ከሰፈር እስከ ሐኪም ቤትና እስከ ቀብር ቦታ ነው። በነዳጅ ወደ 2,500 ብር ያወጣል። በኤሌክትሪክ ቢሆን 430 ብር ገደማ ይሆናል። የሚተርፈን በወር ወደ 2,000 ብር ነው። ለዚህ ብለን የሐዘን መጠባበቂያችንን ባዶ እናድርግ? መጠባበቂያው የማን እንደሆነ እናውቃለን። ከጀማ ገበያ ሽንኩርት ሸጠው በየወሩ ያመጡት እናቶች ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። ፒክአፑ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይቆይ፤ ጎማውና ፍሬኑ ይታደስ። ከመጠባበቂያው አይነካ። ከቁጠባው ሒሳብ ግን በአዳራሹ ግቢ ውስጥ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ኧርዝ የተደረገ፣ ጣራ ያለው የመሙያ መስመር ይዘርጋ፤ ግቢ የሌላቸው ባለ ባጃጆች እያስመዘገቡ በተራ ይሙሉበት፣ የተጠቀሙትንም በቆጣሪው ይክፈሉ። ባጃጃቸውን በሊቲየም ባትሪ ለሚለውጡ አባሎች የብድሩ ጣሪያ ከፍ እንዲል እንጠይቃለን። በዚህ የማይስማማ ካለ ሐሳቡን ይናገር፤ «ማዶ ቆማችሁ ታሙናላችሁ» የሚባለው እንዳይደርስብን።

ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በዚሁ አዳራሽ ነው። ወደ ስብሰባው ስትመጡ ያለፉትን ሦስት ወራት የመብራት ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ። ባለ መኪናና ባለ ባጃጅ የሆናችሁ ደግሞ የዚህን ሳምንት የኪሎ ሜትር ቁጥር ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ በየቀኑ በወረቀት ጻፉ። ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግራቸው አባሎች ከልጆቻቸው ጋር ይምጡ፤ ጸሐፊው ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በር ላይ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ሒሳቡን ይሠራል። ቀብድ የተቀበላችሁት አባሎች ግን እሑድን አትጠብቁ፤ ነገ ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው
አምቦ